ፉጨቱ የማን ነው

አክስታቸው ዘፋኝ ነበረች። «ነበረች» የሚለውን ቃል ያመጣችው ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው አፉን ሞልቶ ቢላት ግን ሳምንት ሙሉ ታኮርፋለች። በደህናው ጊዜ «ወፊቱ» ነበር የምትባለው። ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ፣ ያ ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላ የነበረ ድምፅ ቀጥኖ ቀጥኖ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐኪሙ «መዝፈን ይችላሉ፤ መጮህ ነው የማይችሉት» ብሏታል። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ ስታጥብ እንኳ አንጎራጉራ አታውቅም።

የወንድሟ ልጆች፣ እሷው በእጇ ያሳደገቻቸው እህትና ወንድም፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሠራሉ። ሱቋ በጎማ ጠጋኝና በፎቶ ኮፒ ቤት መሃል የተሸጎጠች ናት። ታላቂቱ እህት የድምፅ ሰው ናት፤ አምፕሊፋየር ትሠራለች፣ ትጠግናለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የኃይል ሰው ነው፤ የባትሪን ጉልበት ወደተፈለገው መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር ይሠራል። ሁለቱም ተምረውታል፣ ሁለቱም ያውቁበታል፣ ማወቃቸውንም ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ጎረቤታቸው ሬዲዮ መክፈት የተወችው እነሱን ለመስማት ነው እየተባለ ይቀለዳል።

አንድ ማለዳ ጋሽ አኮርዲዮን ሳያንኳኩ ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ከአክስታቸው ጎን ቆመው አኮርዲዮን የተጫወቱ፣ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሽማግሌ ናቸው።

«ወፊቱን ላዘፍናት ነው» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

እህትየዋ የያዘችውን መበየጃ አስቀመጠች። «እሺ አለች?»

«እሺ ብላለች። እኔም ገና አላመንኩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መናፈሻው ውስጥ፣ ከኩሬው አጠገብ ያሉት ዛፎች ሥር። የድሮዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ እንመጣለን። ግን አንድ ነገር ጠይቃለች። ‹እኔ እንደ ድሮው አልጮህም። ሹክ ያልኩት ነገር መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው ሰው ጥርት ብሎ ካልደረሰው፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልዘፍንም› ብላለች።»

«እዚያ መብራት የለም እኮ» አለ ወንድምየው።

«የለም። ጄኔሬተርም አይፈቀድም። ቢፈቀድስ? እሷን ውጦ ነው የሚያስቀራት።»

«በባትሪ እንሠራዋለን» አሉ እህትና ወንድም፤ ሁለቱም እኩል። እኩል መናገራቸው ራሱ ሁለቱንም አናደዳቸው።

ያን ሳምንት ሌላ ሥራ አልነኩም። ወንድምየው የአንዲት ባትሪን ጉልበት ብዙ እጥፍ ከፍ የሚያደርግ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ኮንቨርተር ሠራ። እህትየዋም ባትሪ የማትጨርስ፣ ብትነካ የማትሞቅ፣ አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ሠራች። ሁለቱን ሱቅ ውስጥ አገናኝተው ሙዚቃ ሲያጫውቱ ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን ይዞ በር ላይ መጥቶ ትከሻውን ነቀነቀ። የመንገዱ ጩኸት፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የጎማ ቤቱ ንፋስ መሙያ፣ ሁሉም ነገር አብሮ ስለሚንጫጫ ሌላ ምንም አልተሰማም። እንግዲህ አለቀ ብለው ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ትርፍ ባትሪዎችና የመፈተሻ ዕቃዎች ሳይቀሩ ጭነው ወደ አክስታቸው ቤት ሄዱ።

የአክስታቸው ሳሎን ጭር ያለ ነው። መጋረጃው ወፍራም፣ ምንጣፉ ወፍራም፣ ግድግዳው በመጻሕፍት የተሸፈነ። ጋሽ አኮርዲዮን ቀድመው መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። ስፒከሩን መስኮቱ ጋ አቆሙት፤ እህትየዋ የአክስቷ ሹክሹክታ እንዲሰማ የድምፁን መጠን እስከ ጥግ ከፈተችው። ወንድምየው ማብሪያውን ተጫነ።

ማይኩ ላይ ገና ማንም አልተናገረም። ግን ከስፒከሩ ውስጥ፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል፣ ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

«ማነው የሚያፏጨው?» አለች አክስትየዋ።

ወንድምየው ወደ እህቱ፣ እህትየዋም ወደ ወንድሟ ተመለከቱ።

«አምፕሊፋየሯ ናት» አለ እሱ።

«ኮንቨርተሩ ነው» አለች እሷ።

አክስትየዋ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተደገፈች። «በሉ እንግዲህ፣ የኔ ጉዳይ አለቀ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከትንኝ ጋር አብሬ አልዘፍንም።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቅሬታ የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ከሸክም የተገላገለች ትመስል ነበር። እህትየዋ ይህን አስተዋለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ሰዓት አልገባትም። ሐሳቧ ሁሉ ወንድሟ ላይ ነበር።

«ና እንግዲህ እንፈትሸው» አለችው። «የማን ጥፋት እንደሆነ አሁኑኑ ይለያል።»

አክስታቸው አልጋ ሥር ከመድረክ ዘመኗ የተረፈ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው አሮጌ አምፕሊፋየር ነበር። ጎትተው አወጡትና አቧራውን አራግፈው ከወንድምየው ኮንቨርተር ጋር አገናኙት። ጸጥ። ፉጨት የለም፣ ትንፋሽ የለም። ወንድምየው እጆቹን አጣጥፎ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች እህትየዋ። ትርፎቹን ባትሪዎች ደርድራ በሽቦ አቀጣጠለቻቸውና ያለ ኮንቨርተር፣ በቀጥታ ከራሷ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘቻቸው። እዚያም ጸጥ። አሁን ጣሪያ ማየቱ የእሷ ተራ ሆነ።

ከዚያ የእሱን ከእሷ ጋር መልሰው አገናኙ። ፉጨቱ ቦታውን ሳይለቅ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

«ይኸውና» አሉ ጋሽ አኮርዲዮን፣ ሻያቸውን እያማሰሉ፤ «ሁለቱም ንጹሕ ናቸው፤ ቤቱ ግን ያፏጫል። ዳኛ ብሆን ምን እፈርድ ነበር?»

ክርክሩ ጦፈ። እሱ ስለ ሽቦው ርዝመት ያወራል፣ እሷ ስለ መሬት መስመሩ ታወራለች፤ እሱ ሲቆም እሷ ትቀጥላለች። አክስትየዋ በመሃል እጇን አነሳች።

«እስቲ አንዴ ዝም በሉ። እየወረደ ነው።»

«ምኑ?»

«ፉጨቱ ነዋ። ስትከፍቱት እዚህ ነበር» አለችና ድምፁን በአፏ አሳየቻቸው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ «ኡ»። «አሁን ደግሞ እዚህ ወርዷል።» ሁለተኛውንም አሳየቻቸው። «በዚህ ከቀጠለ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል።»

ጋሽ አኮርዲዮን ሻያቸውን ማማሰል አቆሙ። ለሦስት ዓመት አንዲት ኖታ ያልወጣት ሴት አሁን ሁለት አወጣች፤ እሷ ግን ፉጨቱን በማዳመጥ ተጠምዳ አላወቀችውም። እህትየዋ ዓይኗን ወደ ሽማግሌው ላከች፤ እሳቸውም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሏት።

እንዳለችውም ፉጨቱ እየወፈረ፣ እየተንከባለለ ወረደና ጠፋ። ጥቂት ቆየና እንደገና ከታች ተነስቶ መውጣት ጀመረ።

እህትየዋ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ዕቃው ላይ ጎንበስ ብላ የወንድሟን ኮንቨርተር እፍ አለችበት። ፉጨቱ ሸርተት ብሎ ወጣ። ወደ አምፕሊፋየሯ ዞር ብላ እፍ ስትል ደግሞ ሸርተት ብሎ ወረደ።

«ና አንተም እፍ በል» አለችው።

ወንድምየው ተንበረከከና የራሱን እፍ አለ። ፉጨቱ ወጣ። እሷ የሷን እፍ አለች። ፉጨቱ ወረደ። ሁለት የተማሩ አዋቂ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ተራ በተራ እፍ እፍ ሲሉ አክስትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅም ፉጨቱን እየተከተለች፣ ሲወጣ እየወጣች ሲወርድ እየወረደች፣ በዚያች በቀጠነች ድምጿ አብራው አዜመች።

«ገባኝ» አለች እህትየዋ መጨረሻ ላይ፣ ራሷ እየዞረባት ወለሉ ላይ ተቀምጣ። «በሁለቱም ዕቃዎች ውስጥ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ የምትበራና የምትጠፋ ማብሪያ አለች። የየትኛዋም ምት ለብቻው ለሰው አይሰማም፤ በጣም ይፈጥናል። ግን የሱና የኔ ፍጥነት ትክክል እኩል አይደለም። በጥቂት ይበላለጣሉ። እኛ የምንሰማው ያንን የሚበላለጡበትን ነው። ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ፍጥነታቸው ስለሚለወጥ ፉጨቱም አብሮ ይለወጣል።»

«እንዴ» አሉ ጋሽ አኮርዲዮን፣ «ይሄማ የኔ መሣሪያ ሥራ ነው።» አኮርዲዮናቸውን አንስተው አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። «እዚህ ቁልፍ ሥር ሁለት የሚንቀጠቀጥ የብረት ምላስ አለ። አንደኛውን ሆነ ብለው ከጓደኛው ትንሽ ያሳስቱታል፤ ይሄ ውብ መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑማ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

«እኛ ደግሞ የምንፈልገው እኩል እንዲሆኑ ነው» አለ ወንድምየው። «አንድ ምት ለሁለቱም።»

እዚህ ላይ ተስማሙ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ከፉጨቱ የባሰ ነበር፤ የማን ምት?

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ይህን ሲከራከሩ ግማሽ ቀን ሄደ። እሱ «ኃይል ከሌለ ድምፅ የለም፤ መሪው የኔ ነው» ይላል። እሷ «ኃይልህ ለማን ሆነና? የሚሰማው እኮ የኔው ነው» ትላለች። ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ጎረቤት ወረቀት የያዙ ደንበኞቿን አሰልፋ በግድግዳው በኩል ታዳምጣለች። በመጨረሻ ክርክሩን የፈታው እውቀት ወይም ፍቅር ሳይሆን የዕቃው አፈጣጠር ነው። የእሷ አምፕሊፋየር ላይ ያለው ቺፕ ምቱን ወደ ውጭ የሚሰጥበት እግር አለው። የእሱ ኮንቨርተር ላይ ያለው ቺፕ ደግሞ ከውጭ ምት የሚቀበልበት እግር እንጂ የሚሰጥበት የለውም።

«ስለዚህ የኔው ጆሮ ብቻ ነው ያለው፣ ያንቺ ደግሞ አፍ ብቻ» አለ ወንድምየው። «ደግነቱ ከእናቴ ልጅ ጋር ስኖር ለምጄዋለሁ።»

እሷም ሳቀች። አንዲት ቀጭን ሽቦ ቆርጣ ከእሷ ቺፕ ወደ እሱ ቺፕ በየደች።

ከፈቱት። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ሲለጥፉ ግን ፉጨቱ አልጠፋም፤ ይባስ ብሎ እንደ ተንተባተበ ሰው መንተፋተፍ ጀመረ።

ወንድምየው ፊቱ ጠቆረ። መሣሪያውን ከነሽቦው ወደ ራሱ ጠረጴዛ ወሰደና የኤሌክትሪክ ምትን በመስመር ስሎ የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ አገናኝቶ ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ምቶች አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አድርጎ ማየት ጀመረ። የላይኛው የእሷ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የታችኛው የእሱ ነው፤ እየተንሸራተተ የላይኛውን ያልፈዋል፣ እንደገና ከኋላ መጥቶ ያልፈዋል።  

«የኔ ይፈጥናል» አለ በመጨረሻ።

«እና?»

«እናማ ያንቺ ምት ‹ተነስ› ከማለቱ በፊት የኔ ተነስቶ ሄዷል። ትእዛዝ የሚደርሰው ከሄደ በኋላ ነው። ለብቻው ሲሆን ካንቺ ትንሽ ዘገም ቢል ኖሮ፣ ገና ሳይነሳ ያንቺ ይደርስና ይዞት ይሄድ ነበር። እኔ ማዘግየት አለብኝ።» ከመሳቢያው ምቱን የሚያዘገይ ሌላ ሬዚስተር ፈልጎ አወጣ። መበየጃውን ከማንሳቱ በፊት ግን ወደ እህቱ ዞረ። «ይህን ለሌላ ሰው ብትነግሪ ወንድም የለሽም።»

«ለማን እነግራለሁ?» አለች፤ በግድግዳው ማዶ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ጎረቤት ስትስቅ ሁለቱም ሰሙ።

አሮጌውን ሬዚስተር ነቅሎ አዲሱን በየደ። ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የታችኛው ምት አንዴ ተንሸራተተ፣ ከላይኛው ሥር ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ቀጥ አሉ።

ስፒከሩ ምንም አልተናገረም።

«ተቃጠለ እንዴ?» አለ ወንድምየው።

እህትየዋ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች። ምንም የለም። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። አሁንም ምንም የለም። ማይኩን ልታነሳ ስትል ጥፍሯ ጫፉን ነካው፤ ሱቁ ውስጥ «ዷ» ብሎ የፈነዳው ድምፅ ጎማ ጠጋኙን ከነመዶሻው አስሮጦ አመጣው። እህትና ወንድም ተቃቅፈው እየዘለሉ አገኛቸው። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ እሱም አብሯቸው ዘለለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናፈሻው በሰው ሞልቶ ነበር። የድሮ ወዳጆች፣ ወሬ የሰሙ፣ ዝም ብለው ልጆቻቸውን ለማንሸራሸር የወጡ፣ ሁሉም ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አኮርዲዮን ከሌሎቹ ሽማግሌ ተጫዋቾች ጋር መሣሪያቸውን ያስማማሉ። አክስትየዋ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ኋላ ቆማለች፤ ወንድምየው ባትሪውን ሲያገናኝ እህትየዋ ውሃ ልታቀብላት ሄደች።

«ነፋስ አለ» አለች አክስትየዋ።

«ማይኩ ላይ ስፖንጅ አለ፣ አክስቴ።»

«ብርዱም ጉሮሮዬን ይይዘዋል።»

«ፀሐይ ነው እኮ።»

«ፉጨቱስ?»

«ፉጨት የለም። ትናንት ራስሽ ሰምተሽዋል።»

አክስትየዋ የውሃውን ጠርሙስ ተቀብላ ሳትጠጣ በእጇ አሽከረከረችው። «እውነቱን ልንገርሽ የኔ ልጅ? ያን ቀን ሳሎኔ ውስጥ ሲያፏጭ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን አትዝፈኚ የሚለኝ ሰው አገኘሁ ብዬ። ‹ዕቃው ተበላሸባትና ቀረች› ይሻላል፤ ‹ድምጿ ጠፋና ተዋረደች› ከሚባል። እናንተ ደግሞ እንደ ጉድ ሠራችሁት።»

እህትየዋ አሁን ገባት። ያ ፊቷ ላይ ያየችው መገላገል ምን እንደነበር ገባት። አክስቷን ትከሻዋን ይዛ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት።

«ስሚኝ አክስቴ። አንዲት ሽቦ ብቻ ናት። አሁን ሄጄ ልንቀላት እችላለሁ። ወዲያው ማፏጨት ይጀምራል። እኔም ‹ተበላሽቷል፣ ጥፋቱ የኔ ነው› እላለሁ። ማንም አንቺን አይልም። ወንድሜም አይናገርም፣ አፉን አዘጋዋለሁ። ንቀይ ካልሽኝ እነቅላለሁ።»

 ከዛፉ ማዶ ጋሽ አኮርዲዮን የድሮ መግቢያቸውን ቀስ ብለው ጀምረዋል፤ ደጋግመው ይጠብቋታል።

«ያን ያህል ሠርተሽ ትነቅይልኛለሽ?»

«ምን ችግር አለው? አንዴ በይ ብቻ።»

አክስትየዋ ጠርሙሱን መለሰችላትና ቀሚሷን አስተካከለች። «ተይው» አለች። «ሽቦሽን አትንኪ። ይልቅ ያ ሽማግሌ መግቢያውን አሥር ጊዜ ሳይጫወት ልሂድለት፤ ሁልጊዜም ቸኩሎ ነው የሚጀምረው።»

ማይኩ ፊት ቆመች። መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሿ ነው፤ በረጅሙ ሳበችው፣ ኩሬው ዳር ቆሞ የነበረ ሰው ሳይቀር ሰምቶ ዘወር አለ። ከዚያ ዘፈነች። የድሮው ድምፅ አልነበረም፤ እሷም የድሮውን አልፈለገችውም። ለአንድ ሰው በጆሮ የምትነግር ይመስል ነበር፤ ግን እዚያ ለነበረው ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው። በቃሎቹ መሃል ዝም ስትል ዝምታው ንጹሕ ነበር፤ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ከኋላ የተቀመጡት ወደ ፊት ጎንበስ አላሉም፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አላደረጉም። ሁሉም ነገር ካሉበት ድረስ ይመጣላቸው ነበር።

  ዘፈኑ ሲያልቅ ከጭብጨባው የተነሳ ኩሬው ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ተነሱ። ጋሽ አኮርዲዮን እንባቸውን በአኮርዲዮናቸው ማንገቻ እየጠረጉ «አንድ ኖታ ስቻለሁ፣ ይቅርታ» ይላሉ፤ ማንም አልሰማቸውም።

ወንድምየው ከዕቃው አጠገብ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። እህቱ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

«ምን አለችሽ?» አላት።

«ነፋስ አለ አለችኝ።»

አየት አደረጋትና ሌላ አልጠየቀም። እጁን ዘርግቶ ኮንቨርተሩን ዳሰሰው፤ ለብ ብሏል። እሷም አምፕሊፋየሯን ዳሰሰች።

አክስትየዋ ሁለተኛ ዘፈነች፣ ሦስተኛም። አራተኛው ላይ ሰዎች አብረዋት ማዜም ጀመሩ፤ ድምፃቸው እሷን እንዳይሸፍናት ቀስ ብለው፣ እነሱም በሹክሹክታ። ያን ያህል ሕዝብ በሹክሹክታ ሲዘፍን እህትየዋ ሰምታ አታውቅም። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ስትገባ የመናፈሻው ጥበቃ ቁልፎቹን እያንቀጫቀጨ መጣ። የመዝጊያ ሰዓት መድረሱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አክስትየዋ ልክ ያን ጊዜ አዲስ ዘፈን ጀምራ ነበር። ጥበቃው ወዲያና ወዲህ አየ። ቁልፎቹ እንዳይንቀጫቀጩ ጨምቆ ያዛቸውና፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።